የሮክሳና ወፎች፣ የእኔ ባርኔጣዎች

ኤፕሪል 6፣ 1886፣ ማክሰኞ

እህቴ ሮክሳና ዛሬም ከነጭቃ ጫማዋ በሱቁ በር ገባች። በጓሮ በኩል ግቢ ብዬ ስንቴ ለምኛታለሁ። ሚስስ ክሮስቢ መስታወት ፊት ቆማ የፋሲካ ባርኔጣዋን እየለካች ነበር። እህቴ ከረግረጉ ያመጣችውን ጭቃ ምንጣፌ ላይ አራግፋ፣ ባርኔጣው ላይ የተሰካውን ነጭ ክንፍ አንዴ ቀና ብላ አይታ፣ ቃል ሳይወጣት ወደ ላይ ወጣች። ከንግግሯ ዝምታዋ ይከብዳል። ብትናገር እኮ መልስ አላጣም ነበር።

ደረጃው መሃል ሁለት ጊዜ ስትቆም ሰማኋት። ደረጃው ዳገት ነው። አባታችን ካሠራው ጀምሮ ዳገት ነው። አናጢ ጠርቼ ማስተካከል አለብኝ።

ባርኔጣው ግን ወጥቶልኛል። ጥቁር ሐር፣ ጎኑ ላይ የመቀስ ጅራት ወፍ ክንፍ። ሚስስ ክሮስቢ ራሷን ግራና ቀኝ እያዞረች፣ በዚህ ባርኔጣ ብሞት እንኳ አይቆጨኝም አለች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ለፋሲካ የታዘዘው ሁሉ በጊዜው ይደርሳል። አብራኝ የምትሰፋው ታምዘን እጇ ፈጣን ነው፤ እሷ ከሌለች ሱቁም የለም። ባሏ ዜናስ ዶን ከአሸዋው ደሴት እየመታ የሚያመጣልኝ ክንፍም ንጹሕ ነው፤ የጥይት ምልክት አይታይበትም።

ኤፕሪል 15፣ ሐሙስ

ካፒቴን ባርዚላይ ስኖው ዓሣ ይዘው መጡ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ሐሙስ ሐሙስ ዓሣ ይተርፋቸዋል። ዛሬ ከዓሣው ጋር የቦስተን ጋዜጣ ነበር። "እህትዎ ጋዜጣ ላይ ወጥተዋል፤ ቁጭ ብለው ያንብቡት" አሉኝ። ቆሜ አነበብኩት።

የጻፈችው ስለ መቀስ ጅራቶቹ ነው። በበጋ ከባሕር ማዶ መጥተው በካፒቴኑ የአሸዋ ደሴት ላይ የሚፈለፍሉት እነዚያ ጅራታቸው የተሰነጠቀ ነጭ ወፎች። አንዷ ተመትታ ስትወድቅ ሌሎቹ አይሸሹም ትላለች። በወደቀችው ላይ እየዞሩ ይጮኻሉ፤ አዳኙም ከቆመበት ሳይነቃነቅ ሁሉንም ይለቅማል። ጫጩቶቹ አሸዋው ላይ አፋቸውን ከፍተው ፀሐይ ትገድላቸዋለች። "ታማኝነታቸውን መግደያ አድርገን፣ ክንፋቸውን ራሳችን ላይ ሰክተን፣ በትንሣኤ ቀን ስለ ሕይወት ልንዘምር እንሄዳለን" ትላለች።

የሱቄን ስም አልጠራችም። መጥራትም አያስፈልጋትም። በዚህ ከተማ ያለ ባርኔጣ ቤት የእኔ ብቻ ነው።

ማታ ሾርባዋን ወደ ላይ ወሰድኩላት። እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላ ተቀምጣለች። አንብቤዋለሁ አልኳት። እሷም "እንዴት ነው?" አለችኝ። ጥሩ ነው አልኩ። እውነትም ጥሩ ነው፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው። ሾርባው ጨው በዛበት እንኳ ሳትል ጠጣችው፤ በዝቶበት ነበር።

ኤፕሪል 17፣ ቅዳሜ

ሚስስ ክሮስቢ መጣች። ባርኔጣዋን ልትመልስ መስሎኝ ነበር፤ ልትወስደው ነው የመጣችው። ሳጥኑን በክንዷ አቅፋ በሩ ላይ ዞረች።

"ሚስስ ሎምባርድ፣ እህትዎ ነፍሰ ገዳይ ይሉናል፤ እርስዎ ደግሞ ሬሳውን ይሸጡልናል። እባካችሁ መጀመሪያ ቤታችሁ ውስጥ ተስማሙ።"

ታምዘን መርፌዋን ይዛ አቀረቀረች። ሚስስ ክሮስቢ ትክክል ነበረች።

ኤፕሪል 25፣ ፋሲካ

ግማሹ ባርኔጣ ቤተ ክርስቲያን አልመጣም። የመጣውም በእልህ ነው የመጣው፤ ክንፉ ሁሉ ከወትሮው የቆመ መሰለኝ። ከኋላዬ አንዲት ሴት፣ "አንዷ ትሰብካለች፣ አንዷ ትቸበችባለች" ስትል ጎረቤቷ ሳቋን በመዝሙር መጽሐፍ ሸፈነች።

ሮክሳና አልመጣችም። ጫማዋ ጠቧታል። ቆዳ ሲረጥብ ይጠባል፤ ያለ ቦቲ ረግረግ ለረግረግ ስትዞር ከርማ።

ቢሆንም ዘምሬ ወጣሁ። ባቄላውም በደንብ በስሎ ጠበቀኝ።

ሜይ 3፣ ሰኞ

ሱቁ ባዶ። ባለ ላባዎቹ በእህቴ ተቀይመውኛል። የእህቴ ወዳጆች ደግሞ በእኔ። ዛሬ ሁለት የቦስተን ወይዛዝርት በሠረገላ ሮክሳናን ሊጠይቁ መጡ። መስኮቴን አዩ፣ ቀሚሳቸውን ሰበሰቡ፣ ዞረው በጓሮ በር ገቡ። እህቴ በስንት ልመና ያላደረገችውን እነሱ በገዛ ፈቃዳቸው።

ታምዘን ሥራ ፈትታ እንዳትቀመጥ ያለቀ ስፌት አስፈትቼ እንደገና አሰፋኋት። ታውቃለች።

ሜይ 12፣ ረቡዕ

ዶክተር ፔይን መጣ። በረንዳው ላይ ቆሞ ብዙ አወራኝ። ስለ ሮክሳና ልብ፣ እግሯ ስለ ማበጡ፣ ተቀምጣ ስለ መተኛቷ። ደረጃ አትውጣ፣ ረግረግ አትርገጥ አለ። ገና ወጣት ነው፤ ወጣት ሐኪም የተማረውን ሁሉ በአንድ በሽተኛ ላይ ያያል። አልጋዋን ከሱቁ ኋላ ወዳለው ክፍል አወረድኩላት። ለነገሩ ፀሐይ የሚገባው እዚያ ነው።

መስኮቱን ስከፍትላት ከባሕሩ በኩል ያ የሻከረ የወፎቹ ጩኸት መጣ። "መጡ" አለች። በየዓመቱ በመጡ በማግስቱ ደሴቱ ላይ ነበረች።

ስለ እህቴ ሳማርር ነው ይህ ደብተር የሚሞላው፤ ዛሬ ሌላም ይጻፍበት። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ወደ ደቡብ ወርዳ ነፃ የወጡ ባሮችን ልጆች ፊደል ታስተምር ነበር። ትምህርት ቤቱን አቃጠሉባት፤ በማግስቱ ዛፍ ሥር አስተማረች። የባሌ የኢሳም መርከብ ሰጥማ የመሞቱ ወሬ ሲደርሳት፣ ያንን ሁሉ ለሌላ አስረክባ ለአንድ ሳምንት ብላ መጣች። እኔ ያኔ አልበላም፣ አልናገርም ነበር። በየቀኑ ረግረጉ ውስጥ እየጎተተች ታዞረኝ ጀመር። ወፍ የማየት ፍላጎት አልነበረኝም። እሷ ግን "ዝም ብለሽ እግርሽን አንሺ" ትለኝ ነበር። ሳምንቱ እስካሁን አላለቀም። ሦስቱንም መጽሐፎቿን እዚህ ቤት ጻፈቻቸው። በመጽሐፍ ከሰል አይገዛም እያልኩ ስነጫነጭ ኖሬአለሁ። በእግሬ ያቆመኝ ግን ከሰል አልነበረም።

ሜይ 14፣ ዓርብ

ካፒቴኑ ደሴቱ ድረስ ቀዘፉልኝ። ሄጄ ዓይቼ ልንገራት ብዬ ነው። እሷ አልጠየቀችኝም።

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ወፎቹን ለራሴ ብዬ አየሁ ልበል? ክንፋቸውን ስንት ጊዜ በእጄ ይዤዋለሁ፤ በሕይወት ሳለ እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር። ውሃው ላይ ቀጥ ብለው ቆመው እንደ ድንጋይ ይወድቃሉ፤ ከዚያ ዓሣ ይዘው ይነሳሉ። ወንዱ ለሴቷ ዓሣ አምጥቶ ፊቷ ይቆማል። እሷ የማታይ ትመስላለች። ካፒቴኑ መቅዘፊያቸው ላይ ተደግፈው ይህን ሲያዩ ቆዩና፣ "ትዕግሥት ያለው ወፍ ነው" አሉ። ንፋሱ ፊታቸውን አቅልቶት ነበር።

ቤት ደርሼ ለሮክሳና ስነግራት ዓይኗ በራ። ከዚያ ምርመራው መጣ። ዓሣውን ሲያቀብላት በራሱ በኩል ነው በጅራቱ?

"ዓሣ ነው ያቀበላት! በየትም በኩል ቢሆን ምን ልዩነት አለው?"

"ለምትውጠው ልዩነት አለው፣ ኬዚ።"

አላስተዋልኩም ነበር። ተናደድኩ። ነገ እመለሳለሁ።

ሜይ 15

በራሱ በኩል። ሲያቀብላት አዙሮ ነው። ስነግራት አጨበጨበች።

ሜይ 27፣ ሐሙስ

ወደ ደሴቱ ስሄድ ሦስተኛዬ ነው፣ ወይ አራተኛዬ። ካፒቴኑ ሁልጊዜ ጀልባው ዝግጁ ነው ይላሉ፤ ዓሣ ማስገር ትተዋል ልበል? ቢሆንም ሐሙስ ስለሆነ ዓሣ አመጡ፣ ከገበያ የገዙት መሆኑ ያስታውቃል። ዝም አልኳቸው።

ወፎቹ ጎጆ የሚባል ነገር የላቸውም። አሸዋውን በደረታቸው ፈልፍለው እንቁላላቸውን ይጥላሉ፣ ጠጠር ይመስላል፤ አንዱን ልረግጥ ትንሽ ነበር የቀረኝ። ማታ ማታ ያየሁትን ለሮክሳና እነግራታለሁ፤ ትጽፈዋለች። እጇ ሲደክማት እኔ እጽፍላታለሁ። አንዳንዴ የኔን አነጋገር እንዳለ ትተወዋለች። ይህ እንዴት ጋዜጣ ላይ ይወጣል ስላት፣ "ሰው የሚያወራው እንዲህ ነው" ትላለች።

ከእንዲህ ዓይነት ማታ በኋላ ስለ ሱቁ ማሰብ እረሳለሁ። ጠዋት ያስታውሰኛል።

ጁን 4፣ ዓርብ

አንድ የኒውዮርክ ሰው መጣ፣ ሚስተር ሃትሪል ይባላል። ለትልቅ የባርኔጣ ንግድ ቤት ክንፍ ገዢ ነው። ለስላሳ እጅ፣ ለስላሳ ንግግር። በዚህ ወር መጨረሻ ሰዎቹን ደሴቱ ላይ ሊያሰማራ ነው፤ ዜናስን መሪ አድርጓል። ክንፉ እንዳይበላሽ እዚሁ ከተማ ተሰናድቶ ባርኔጣው ላይ እንዲሰፋ ይፈልጋል። የእኔን ሥራ አይቷል። ዓመቱን ሙሉ የማያልቅ ሥራ፣ ታምዘንን ጨምሮ ለአሥር ሴት የሚሆን። መልስዎን በአሥር ቀን ውስጥ ይስጡኝ አለ።

አስብበታለሁ ነው ያልኩት። አስብበታለሁ ማለት እሺ ማለት አይደለም።

ታምዘን በሩ ሲዘጋ እጄን ያዘችኝ።

ጁን 5

ለሮክሳና አልነገርኳትም። ደክሟታል።

ጁን 8

አልነገርኳትም። እንዴት ብዬ?

ጁን 9፣ ረቡዕ

ታምዘን በልቧ የያዘችውን ዛሬ አወጣችው። ጮክ ብላ አይደለም፣ መርፌዋን እያየች ነው።

"ወፎቹ ያሳዝኑኛል ሚስስ ሎምባርድ። ግን ዘንድሮ ዓሣ የለም። እህትዎ ሚስ ታርቦክስ ስለ ጫጩቶቹ ሲጽፉ እኔም አልቅሻለሁ፤ ከዚያ ተነሥቼ ቤት ያለውን ዱቄት አየሁ።"

ልክ ነች። ሁሉም ልክ ነው። በዚህ ዓመት የተሳሳተ ሰው አላገኘሁም፣ ከእኔ በቀር።

ጁን 12፣ ቅዳሜ

ካፒቴኑ መጡ። ሐሙስ አይደለም፣ ዓሣም አልያዙም። ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው መሃል ሱቅ ቆሙ። ሚስተር ሃትሪል በደሴቱ ላይ የመተኮስ ፈቃድ ጠይቋቸዋል። ለእሳቸው አሸዋ ነው፣ ድንች እንኳ አያበቅልም። ግን ሰውዬው ሥራው የእኔን ሱቅ እንደሚያድነው ስለነገራቸው፣ እምቢ ከማለታቸው በፊት ሊጠይቁኝ መጡ።

"አንቺ ምን ትያለሽ፣ ኬዛያ?"

በስሜ ጠሩኝ። ሳያስቡት ይመስለኛል።

እስከ ሰኞ ጊዜ ስጡኝ አልኳቸው። ከወጡ በኋላ ቀጥ ብዬ ወደ ሮክሳና ክፍል ገባሁና ሁሉንም ነገርኳት፣ የሃትሪልን ጥያቄ፣ የኔን አስብበታለሁ፣ የታምዘንን ዱቄት። ትራስ ተደግፋ ሰማችኝ።

"ሰምቼዋለሁ" አለች። "በኔና በሱቁ መሃል ያለው አንድ ሳንቃ ነው።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ሰውዬው ከመጣ ጀምሮ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ? ስለ ወፍ ለቦስተን ሁሉ ስትናገሪ፣ ለእኔ አንድ ቃል ይጠፋሻል?"

ትንፋሿን እስክትሰበስብ ቆየች። አሁን አሁን ለመናገርም እንደ ደረጃ ማረፍ ይኖርባታል።

"ኬዚ፣ አንቺ ቤቱን ይዘሽ ነው እኔ የጻፍኩት። ላባ እየሰፋሽ አበላሽኝ፣ ያንን እየበላሁ ላባ አትልበሱ አልኩ። ሌላውን ሰው መጠየቅ ቀላል ነው። አንቺን ግን፣ ከሰጠሽኝ በላይ ስጪኝ ለማለት ፊት አጣሁ።"

አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። እንደ ልጅነታችን እግሯን ጭኔ ላይ አድርጌ አሸሁላት። አብጧል። ጫማው አይደለም። ይህን ያህል እጽፋለሁ፣ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ጁን 14፣ ሰኞ

ለካፒቴኑ አይተኮስ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ባርኔጣቸውን አድርገው ሄዱ፤ መንገዱ ላይ ሲያፏጩ ሰማኋቸው።

ሚስተር ሃትሪል በጣም አዝናለሁ አለኝ፤ በእውነትም ያዘነ ይመስላል። በሁለት ሰዓቱ ባቡር ሄደ።

መስኮቱን ዘጋሁና ከባርኔጣው ሁሉ ላባውን ፈታሁ። ታምዘን አብራኝ ትፈታ ነበር፣ በፈታን ቁጥር ፊቷ እየጠቆረ። ስንጨርስ መቀሷን አስቀመጠች፣ ሽርጧን አጠፈች፣ ደህና ዋሉ ብላ ወጣች። አልጠራኋትም። በምን ልጥራት?

ላባ የወለቀበት ባርኔጣ የሚያሳፍር ነገር አለው። ሁሉም መርፌ የተወጋ ጎኑን አሳየኝ። ሳልበላ ተኛሁ።

ጁን 22፣ ማክሰኞ

መሳቄን ሳላቆም ነው የምጽፈው።

ጫጩት ተፈልፍሏል ስላሉ ጠዋት ከካፒቴኑ ጋር ደሴቱ ላይ ነበርኩ። ሌላ ጀልባ መጣ። ዜናስ ዶንና ጓደኛው፣ ጠመንጃቸውን ይዘው። ሃትሪል ቢሄድም ክንፍ ላክ ብሎት ዜናስ ቃል ሰጥቷል። ካፒቴኑ ደሴቱ የኔ ነው አሉት። ዜናስ ደግሞ ወፎቹ ግን የማንም አይደሉም አለ። እኔ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ወፎቹ መሃል ገብቼ ቆምኩ። እንደኔ ያለች ሴት፣ ጃንጥላ ይዛ።

"ሚስስ ሎምባርድ፣ ይነሱልኝ።"

"አልነሳም፣ ዜናስ።"

"ሚስቴን ሥራ አሳጥተው፣ አሁን እኔንም?"

"ታምዘንን አላባረርኳትም። ወንበሯ እንዳለ ነው።"

ይህን ስንባባል ወፎቹ ወዳጅና ጠላት ሳይለዩ ሁላችንም ላይ ወረዱ። ጃንጥላዬን ወጉት። ትከሻዬ ላይ የጣሉብኝን አልናገርም። አንዷ የካፒቴኑን መላጣ ነክሳ አደማችው፤ ደሙን በመዳፋቸው እየጠረጉ "እነዚህ ጠበቃ አያስፈልጋቸውም" አሉ። የዜናስ ጓደኛ ጠመንጃውን ጥሎ ወደ ጀልባው ሮጠ። ዜናስ ግን አንድ እግሩን አንሥቶ ቀጥ ብሎ ቀረ። ጫማው ሥር የአሸዋ ቀለም ያለው ጫጩት ተለጥፎ ተኝቷል። እግሩን ወደ ቀኝ ወሰደ፣ እዚያም አለ። ወደ ግራ፣ እዚያም።

"እግሬን የት ላድርግ?" አለ፣ እንደ ሕፃን።

ካፒቴኑ አሰቡበት። "እዚያው ቁም" አሉት። "እንዲያውም እስከ ኦገስት ቁም። ሰው እንዳይደርስባቸው ከጠበቅህልኝ ደመወዝህን እኔ እችላለሁ።"

ዜናስ እግሩን እንዳንጠለጠለ አያቸው። ቀልድ እንዳልሆነ ሲገባው፣ "ጠመንጃ ይዤ ጠመንጃ ልከለክል?" አለ።

"ከአንተ በቀር የሚያውቅበት ማን አለ?"

ለሮክሳና ስነግራት ከሳቅዋ ብዛት ትንፋሽ አጥሯት ፈራሁ። ከዚያ እንደገና ንገሪኝ አለች። ሦስት ጊዜ ነገርኳት።

ጁላይ 1፣ ሐሙስ

ታምዘን ሱቁን ከፍታ ገባች፣ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። "ክሩ የት ነው?" አለች። ሰጠኋት። ሌላ ነገር አልተባባልንም፤ ለምሳ የበቆሎ ቂጣዋን ለሁለት ገምሳ ግማሹን ሰጠችኝ። በጥብጣብና በደረቀ የረግረግ አበባ የሳር ባርኔጣ እየሞከርን ነው። እስካሁን የገዛን የሰባኪው ሚስት ብቻ ናት፤ እሷም በትሕትና ይመስለኛል። እግዚአብሔር ትሕትናዋን ያብዛላት።

ጁላይ 9፣ ዓርብ

አዲሱ ጽሑፍ ወጣ። መጨረሻው ላይ፣ "እኔ ዘንድሮ ከአልጋዬ አልተነሣሁም። ይህን ሁሉ ያየችው እህቴ ኬዛያ ሎምባርድ ናት፤ ከእኔ የተሻለ ዓይን አላት" ይላል።

ተቆጣኋት። ስሜን ሳታስፈቅጂኝ አልኳት። ከዚያ ጓሮ ወጥቼ ልብስ የማሰጣ መስዬ ትንሽ አለቀስኩ። የእነዚያ በጓሮ በር የገቡት የቦስተን ወይዛዝርት ማኅበር ለዜናስ ደመወዝ እናግዛለን ብሎ ለካፒቴኑ ገንዘብ ላከ። ዘንድሮ የተሠራውን ስቆጥር ቅሬታዬን የማኖርበት ቦታ አጣሁ።

ጁላይ 21፣ ረቡዕ

ትናንት ከሰዓት ነበር።

ከደሴቱ ስመለስ ዓይኗን ገልጣ ትጠብቀኛለች። ባርኔጣዬን እንኳ ሳላወልቅ ነገርኳት። ጫጩቶቹ በረሩ፣ ሮክሲ። አንደኛው ክንፉን ዘርግቶ ንፋሱ ላይ ተንሳፈፈ፣ ወደቀ፣ ተነሣ፣ በሁለተኛው ሄደ። እናትየው ከላይ ዓሣ ይዛ እያሳየች ትሸሸው ነበር፣ ተከትሏት እስኪወጣ። ዜናስ ኮፍያውን አውልቆ ሲያይ ነበር አልኳት።

ፈገግ ብላለች። ጥያቄዋን ጠበቅኩ። በየት በኩል ንፋሱ? ስንት ጊዜ ወደቀ? መልሱን ሁሉ ይዤ ነበር የመጣሁት።

አልጠየቀችኝም። ያኔ ነው ያወቅኩት።

እጇን ይዤ ቀሪውን ነገርኳት። እስከ መጨረሻው።

ጁላይ 23፣ ዓርብ

ተቀበረች። ቀኑ ብሩህ ነበር።

ሚስስ ክሮስቢ ያንን ባርኔጣ አድርጋ መጣች። ጥቁር ሐር፣ ነጭ ክንፍ፤ ከፊተኛው መቀመጫ ላይ። የቦስተን ወይዛዝርት እንደ እሳት አዩዋት። እኔ ግን ስፌቱን አወቅኩት፤ የኔ እጅ ነው። ያላት ጥቁር ባርኔጣ እሱ ብቻ ነው፤ ለእህቴ ክብር ነው ያደረገችው።

ለቀስተኛው ሲበተን እሷ ቀረች። እጅጌዋን ሰብስባ ከታምዘን ጎን ሳሕን ታጥብ ጀመር። በፍል ውሃው እንፋሎት ክንፉ እየረጠበ ጆሮዋ ላይ ተኛ። ስትወጣ አቅፋ ሳመችኝ። እንዲህ ያለ ከተማ ውስጥ ስለምኖር አመሰግናለሁ።

ኦገስት 4፣ ረቡዕ

የቦስተኑ ጋዜጣ ስለ ሮክሳና ረጅም ነገር ጽፏል። ደግ ደግ ነገር። "ከሰው ርቃ፣ ብቻዋን፣ ከተፈጥሮ ጋር ኖረች" ይላል። ለካፒቴኑ ሳነብላቸው፣ "ታዲያ ሳሕኗን ማን ያጥብ ነበር?" አሉ። ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅኩ። ከዚያ እሳቸውም ሳቁ።

ከእንግዲህ ካፒቴኑን ደብተሬ ላይ ባርዚላይ እለዋለሁ። ማን ያየዋል?

ኦገስት 26፣ ሐሙስ

ዛሬ ከጎረቤት ከተማ አንዲት ልጅ ሱቅ ገባች። ልታገባ ነው። ስለ እኛ ጉዳይ ምንም አልሰማችም። መስታወት ፊት ቁጭ ብላ፣ ነጭ ክንፍ ያለው እፈልጋለሁ አለች፣ እዚህ ጎን ላይ፣ እንዲህ ተነሥቶ። ታምዘን ቀና ብላ አየችኝ።

ክንፍ አንሰፋም አልኳት። ለምን አለችኝ። የልጅ ጥያቄ ነው፣ ክፋት የለበትም። ባጭሩ ልመልስላት ነበር ያሰብኩት። መቀስ ጅራቶቹ ከየት እንደሚመጡ ጀመርኩ፣ ከዚያ አሸዋውን በደረታቸው እንዴት እንደሚፈለፍሉ፣ ከዚያ አንዷ ስትወድቅ ሌሎቹ ለምን እንደማይሸሹ። ምን ያህል ጊዜ እንደተናገርኩ አላውቅም። ታምዘን መስፋት አቁማ ነበር። ልጅቷ ጓንቷን ጭኗ ላይ አጥፋ ትሰማኝ ነበር፤ በመሃል ጠየቀችኝ፤ እኔም መለስኩላት። የማላውቀውንም አላውቅም አልኳት።

ሰርግ የሌላት ይመስል ባርኔጣ ሳትገዛ ተነሣች። ሥራ አጣሁ ብዬ አሰብኩ። በሩ ላይ ደርሳ ቆመች።

"አሁንም አሉ? ወፎቹ?"

"ንፋሱ ካልተለወጠ እስከ ቅዳሜ" አልኳት።

"ማን ይወስደኛል?"

ባርዚላይ ከውጭ ከዓሣው ቅርጫት ጋር ቆሞ ነበር፤ ቅርጫቱን አስቀምጦ ወደ ጀልባው ሄደ። ታምዘን መርፌዋን ሰካች፣ ባሌን እግረ መንገዴን ልየው አለች። እኔ ሱቁን በጠራራ ፀሐይ ዘጋሁና አራታችን ሄድን።